የበርሚንግሃሙን ደብዳቤ ለመተንተን፦ ከዘዴው በፊት ክሱን ያንብብ

ጥያቄ፦ «ልጄ እዚህ አሜሪካ 11ኛ ክፍል ነው። ማርቲን ሉተር ኪንግ በርሚንግሃም እስር ቤት ሆኖ የጻፈውን ደብዳቤ አንብቦ ሰውየው አንባቢን ለማሳመን የተጠቀመባቸውን ዘዴዎች እንዲተነትን ታዟል። በረቂቁ ላይ ‹እዚህ ድግግሞሽ አለ፣ እዚህ ተለዋጭ ዘይቤ አለ፣ ይህም የአንባቢን ስሜት ይነካል› እያለ ብዙ ዘዴ ዘረዘረ። አስተማሪው ‹ቆጠርክ እንጂ አልተነተንክም› ብሎ መለሰለት። እኔ እንግሊዝኛው ብዙም አይገፋልኝም፤ ግን ላግዘው እፈልጋለሁ። ዋና ዋናዎቹ ዘዴዎች የትኞቹ ናቸው? ደግሞስ ሰው ታስሮ፣ ተናዶ የጻፈውን ደብዳቤ ይህን ሁሉ አስቦበት ነው እንዴ?»

አስተማሪው ትክክል ነው። የልጅዎ ረቂቅ ጉድለት የዘዴ ማነስ ስላልሆነ፣ እዚህ ሌላ ዝርዝር ብጨምርለት ጽሑፉ ይረዝማል እንጂ አይሻሻልም። ይህ ደብዳቤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ለቀረበ ክስ የተሰጠ መልስ ነው። ድግግሞሹም፣ ጥቅሱም፣ መልስ የማይጠበቅበት ጥያቄም የገባው አንድ የታወቀ ተቃውሞ ለማፍረስ ነው። ተቃውሞው ምን እንደነበረ ያላወቀ ተማሪ «ስሜት ይነካል» ከማለት ሌላ የሚለው አያገኝም። ይህ ደግሞ ስለ የትኛውም ጥሩ ጽሑፍ ሊባል የሚችል ነገር ስለሆነ አስተማሪን አያረካም።

ስለዚህ መጀመሪያ ክሱ። በ1963 ጸደይ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአላባማ ግዛት በበርሚንግሃም ከተማ፣ በምሳ ቤቶችና በመደብሮች የነበረውን የዘር መለያየት በመቃወም ዘመቻ ተጀመረ። ኤፕሪል 10 ቀን አንድ ዳኛ ሰልፉን አገደ። ኪንግ እገዳውን ጥሶ በመውጣቱ ኤፕሪል 12፣ በእነሱ ስቅለት ዕለት ታሰረ። በዚያው ቀን ስምንት የአላባማ ነጭ የሃይማኖት መሪዎች መግለጫ አወጡ። መግለጫው ኪንግን በስሙ አይጠራም፤ የሚለው ግን ግልጽ ነው። ሰልፉ በከፊል ከውጭ በመጡ ሰዎች ይመራል፤ ጥበብ የጎደለውና ጊዜውን ያልጠበቀ ነው፤ አቤቱታ ካለ በፍርድ ቤትና በአካባቢው ሰዎች ንግግር ይፈታ እንጂ በመንገድ ላይ አይሁን፤ ሰላማዊ ነው ቢባልም ጥላቻና ግጭት ይቀሰቅሳል፤ ጊዜው ጽንፍ የያዘ እርምጃ የሚወሰድበት አይደለም። ፖሊስም ሥርዓት በማስጠበቁ ይመሰገናል። ልጅዎ ይህን መግለጫ ፈልጎ ያትመው፤ አጭር ነው፤ በቀላሉም ይገኛል። ከደብዳቤው ጎን አስቀምጦ፣ እያንዳንዱ ክስ የት ቦታ መልስ እንዳገኘ በእርሳስ ምልክት ያድርግ። ይህ አንድ ምሽት የማይፈጅ ሥራ ከዘዴ ዝርዝር ሁሉ ይበልጥ ይጠቅመዋል።

«ታስሮ፣ ተናዶ» ስላሉት፤ ንዴቱ እውነት ነው፤ በአንድ ትንፋሽ ተጻፈ የሚለው ግን ልክ አይደለም። ኪንግ የጀመረው መግለጫው በወጣበት ጋዜጣ ኅዳግ ላይ ነው። ከዚያ አንድ ጥቁር እስረኛ ባቀበለው ቁርጥራጭ ወረቀት ቀጠለ፤ በመጨረሻም ጠበቆቹ ባስገቡለት ደብተር ላይ ጨረሰ። ወረቀቶቹ በጠበቃው በክላረንስ ጆንስ በኩል እየወጡ፣ ውጭ በትግል ባልደረባው በዋያት ቲ ዎከር መሪነት እየተቀናበሩ ተተየቡ። ደብዳቤው ኤፕሪል 16 የሚል ቀን ቢይዝም፣ ኪንግ በ1964 በመጽሐፉ ውስጥ ሲያወጣው ለኅትመት እንዳረመው ራሱ ጽፏል። በዚያ ላይ ሰውየው ሰባኪ ነው። መጽሐፍ ሳይኖረው ያን ሁሉ መጥቀስ የቻለው ብዙዎቹን ጥቅሶችና ምሳሌዎች ለዓመታት በመድረክ ሲጠቀምባቸው ስለኖረ ነው። ወደ ሰባት ሺህ ቃላት የሚጠጋው ደብዳቤ የተጻፈው በዚህ ልምድና በዚህ ሁሉ እርማት ነው። አስቦበታል።

ሌላው መታረም ያለበት፣ የደብዳቤው አንባቢ ስምንቱ ሰዎች ብቻ ናቸው የሚለው ግምት ነው። በአድራሻው የቆሙት እነሱ ናቸው፤ ከትከሻቸው በላይ ግን መላ አሜሪካ እንዲያነብ ታስቦ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ ነው። ቃናው ትሁት የሆነበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ኪንግ እነዚህን ሰዎች በአገልግሎት ባልደረቦቹ አድርጎ ይጠራቸዋል፤ ቅን ፈቃድ እንዳላቸው ይመሰክርላቸዋል፤ ከመካከላቸው አንዱ፣ ፓስተር ስቶሊንግስ፣ ጥቁሮችን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አምልኮ በማስገባቱ በስሙ ያመሰግነዋል። ስምንቱ ራሳቸውን የሚያዩት እንደ ዘረኛ አልነበረም፤ በዚያው ዓመት ጃንዋሪ ውስጥ ለፍርድ ቤት ውሳኔ መታዘዝ ይገባል የሚል መግለጫ ፈርመው ነበር። ስለዚህ ደብዳቤው የሚያነጣጥረው በጠላት ላይ አይደለም፤ «ዓላማችሁን እደግፋለሁ፣ መንገዳችሁን ግን አልቀበልም» በሚለው ለዘብተኛ ላይ ነው። ልጅዎ ይህን ከሳተ የቀረው ትንታኔ ሁሉ ይጣመማል።

አሁን ወደ ቦታዎቹ። «ከውጭ የመጣ ሰው» ለሚለው ክስ የተሰጠው መልስ በሦስት እርከን ይወጣል። መጀመሪያ ደረቅ የጽሕፈት ቤት ቋንቋ ነው፤ የድርጅት ፕሬዚዳንት ነኝ፣ በደቡቡ ሁሉ 85 ያህል ተባባሪ ማኅበራት አሉን፣ የበርሚንግሃሙ ተባባሪያችን ስለጠራን መጣን ይላል። ቀጥሎ መጽሐፍ ቅዱስ ይመጣል፤ ነቢያት ከመንደራቸው ወጥተዋል፣ ጳውሎስም የመቄዶንያን የርዳታ ጥሪ ሰምቶ ሄዷል። ሦስተኛው አጠቃላይ መርሕ ነው፤ አንድ ቦታ ያለ ግፍ በየትኛውም ቦታ ላለ ፍትሕ አደጋ ነው። ሰው ሁሉ የሚጠቅሰው ይህን የመጨረሻውን ነው፤ ተማሪዎችም «ተቃርኖ» ብለው ስም ሰጥተውት ያልፋሉ። የመጣበት ቅደም ተከተል ግን ከራሱ ከዓረፍተ ነገሩ አያንስም። የመጀመሪያውን መልስ ጠበቃ አይክደውም፤ ሁለተኛውን ጳጳስና ቄስ አይክዱትም፤ ሦስተኛው ሲደርስ «የውጭ ሰው» የሚለው ቃል ራሱ ትርጉም አልቦ ሆኗል።

ልጅዎ ከሁሉ በላይ ሊቆይበት የሚገባው «ጠብቁ» ለሚለው ክስ የተሰጠው መልስ ነው። ኪንግ በቅድሚያ ሁለት ፍጥነቶችን ጎን ለጎን ያቆማል፤ የእስያና የአፍሪካ አገሮች በጄት ፍጥነት ወደ ነፃነት ሲገሰግሱ፣ እኛ በምሳ ቤት አንድ ስኒ ቡና ለማግኘት በፈረስ ጋሪ እንጓዛለን ይላል። (ይህ በተጻፈ በቀጣዩ ወር የአፍሪካ አንድነት ድርጅት አዲስ አበባ ላይ ተመሠረተ፤ ንጽጽሩ ባዶ ማጋነን አልነበረም።) ከዚያ መለያየት ያላቆሰለው ሰው «ጠብቁ» ማለት ሳይቀለው አይቀርም ይልና፣ ከ300 ቃላት በላይ የሚወስድ አንድ ዓረፍተ ነገር ይጀምራል። «...ስታይ፣ ...ስታይ» እያሉ የሚደራረቡ አሥር ሐረጎች በነጠላ ሰረዝና በድርብ ሰረዝ እየተያያዙ ይሄዳሉ፤ ማሰሪያ ግሱ እስከ መጨረሻው አይመጣም። አማርኛ ሁልጊዜ ግሱን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ በትርጉም ካነበቡት ይህ መንጠልጠል እንግዳ አይሆንብዎትም። እንግሊዝኛ አንባቢ ግን ዋናውን ሐሳብ ገና በመግቢያው ነው የሚጠብቀው፤ እዚህ ትንፋሹ እስኪያልቅ አያገኘውም። ልጅዎ ጮክ ብሎ ያንብብልዎት፤ የት ላይ ትንፋሽ እንደሚያጥረው ያዳምጡ። «ጠብቁ» ያለው አንባቢ፣ ለአንድ ዓረፍተ ነገር ያህል ራሱ እንዲጠብቅ ተደርጓል።

በዚህ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ተማሪዎች የሚስቱት ሌላው ነገር የሐረጎቹ አደራደር ነው። የድግግሞሽ ተለምዷዊ አካሄድ ከቀላሉ ወደ ከባዱ መውጣት ነው። ኪንግ በተቃራኒው ይጀምራል። መጀመሪያ በመንጋ የሚገደሉ እናቶችና አባቶች፣ ቀጥሎ የሚራገጥና የሚገድል ፖሊስ፣ ከዚያ በድህነት የታፈኑ ሚሊዮኖች ይመጣሉ። ከዚያ ድንገት ዓረፍተ ነገሩ ወደ አንድ ቤት ይገባል፤ የስድስት ዓመት ልጁ በቴሌቪዥን ያየችው መዝናኛ ለጥቁር ልጆች ዝግ መሆኑን ሲነግራት ምላሱ የሚተሳሰር አባት አለ። ሐረጎቹም ከአደባባይ ወደ ሳሎን፣ ከሳሎን ወደ መኪና ውስጥ አዳር፣ ከዚያ ወደ ስም ይወርዳሉ፤ ትልልቅ ሰዎች «ቦይ» (ልጅ) ሲባሉ፣ ሚስትና እናት «ወይዘሮ» መባል ሲነፈጉ። የመጨረሻው ሐረግ የሰውየው ውስጥ ነው፤ ማንም አይደለሁም የሚል ስሜት። ግድያን ማንም ጨዋ ቄስ ያወግዛል፣ ራሱንም ከገዳዮቹ አይቆጥርም። እናት «ወይዘሮ» አለመባሏን ግን ያ ጨዋ ቄስ በየቀኑ አይቷል፤ ምናልባት አድርጎታልም። መንገዱ ወደ ታች የወረደው ክሱን ወደ አንባቢው ለማስጠጋት ነው። ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚመጣው ማሰሪያ ደግሞ ቁጣ አይደለም፤ መጠበቅ ለምን እንደሚከብደን ያን ጊዜ ይገባችኋል የሚል ዝቅ ያለ ዓረፍተ ነገር ነው። ከዚያ ሁሉ ክምር በኋላ «ይከብደናል» ብቻ ማለቱ ከጩኸት ይበልጣል።

ተውላጠ ስሞቹንም ያስተውል። ከዚህ በፊት «እኛ» ከ340 ዓመት በላይ ጠብቀናል ሲል ነበር። በረጅሙ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ግን እናቶቹ «የአንተ» እናቶች፣ ልጅቷም «የአንተ» ልጅ ይሆናሉ፤ መጨረሻው ላይ «እኛ» ይመለሳል። አንባቢው ለአሥር ሐረግ ያህል በሌላው ቆዳ ውስጥ ገብቶ ይወጣል።

ሦስተኛው ቦታ ሕግ ስለ መጣስ የተጻፈው ነው። እዚህ ጥቅሶቹን «ባለሥልጣን ጠቅሶ አሳመነ» ብሎ ማለፍ አይበቃም፤ እነማን እንደተጠቀሱ ይመልከት። ፍትሐዊ ያልሆነ ሕግ ሕግ አይደለም የሚለው የአውግስጢኖስ ነው፤ ቀጥሎ ቶማስ አኲናስ፣ ከዚያ አይሁዳዊው ማርቲን ቡበር፣ ከዚያ ፕሮቴስታንቱ ፖል ቲሊክ። መግለጫውን የፈረሙት ደግሞ አንድ ራባይ፣ አንድ የካቶሊክ ጳጳስና ስድስት ፕሮቴስታንቶች ነበሩ። ለእያንዳንዱ ፈራሚ ከራሱ ቤት የወጣ ምስክር ቀርቦለታል ማለት ነው። ናቡከደነፆርን ያልታዘዙት ሲድራቅ፣ ሚሳቅና አብደናጎም የሁሉም የጋራ ናቸው። ከሃይማኖቱ ቀጥሎ ለማያምን ሰው የሚሆን መለኪያ ይሰጣል፤ ብዙኃኑ በሌላው ላይ ጭኖ ራሱን ነፃ ያደረገበት ሕግ ግፍ ነው፣ ድምፅ እንዳይሰጥ የተከለከለ ሕዝብም ሕጉን በማውጣት አልተሳተፈም። በመጨረሻ «ታዲያ ሥርዓት አልበኝነት ነዋ» ለሚለው አንባቢ በሩን ይዘጋበታል፤ ሕጉን የሚጥስ ሰው በግልጽ፣ በፍቅርና ቅጣቱን ለመቀበል ተዘጋጅቶ ይጣሰው ይላል። ይህን የሚለው በእስር ቤት ውስጥ ሆኖ ስለሆነ፣ የጻፈበት ቦታ ራሱ ማስረጃ ይሆናል።

አራተኛው «ጽንፈኛ» የሚለው ነው፤ በአጭሩ ላስቀምጠው። ኪንግ በመጀመሪያ በሁለት ወገኖች መካከል የቆመ መሆኑን ያሳያል፤ በአንድ በኩል ተስፋ የቆረጡና የተመቻቸው ጥቁሮች፣ በሌላ በኩል ወደ ጥላቻ የተጠጉት ብሔርተኞች። አንባቢው «አይ፣ ጽንፈኛ አይደለሁም ሊል ነው» ብሎ ሲጠብቅ፣ ስሙን ተቀብሎ ይገለብጠዋል። ኢየሱስ የፍቅር፣ አሞጽ የፍትሕ ጽንፈኛ አልነበሩም ወይ? እያለ በጥያቄ ይቀጥልና ከጳውሎስና ከተሐድሶው መሪ ከማርቲን ሉተር አልፎ እስከ ሊንከንና ጄፈርሰን ይደርሳል። ከቅዱሳን ጀምሮ በአገሪቱ መሥራችና በፕሬዚዳንቷ ማብቃቱ በአጋጣሚ አይደለም፤ ለማያምነው አሜሪካዊም መልስ ሆኗል። የቀረው ጥያቄ ጽንፈኛ መሆን ወይም አለመሆን ሳይሆን፣ የምን ጽንፈኛ የሚለው ብቻ ነው።

አንድ ቦታ ደግሞ ሰዎች ብዙ ጊዜ ስለማይጽፉበት ልጅዎን ከሌሎች ሊለየው ይችላል። መግለጫው ፖሊስን «አመስግኗል»። ኪንግ ያንኑ ግስ ይይዘውና፣ ውሾቻቸው ባልታጠቁ ሰዎች ላይ ጥርሳቸውን ሲተክሉ ብታዩ እንዲህ ባላመሰገናችሁ ነበር ይላል። ከዚያ፣ ቁጭ ብለው የተቃወሙትንና የተሰለፉትን የበርሚንግሃም ሰዎች ባመሰገናችሁ ኖሮ! ብሎ በሞንትጎመሪ አውቶቡስ ላለመሳፈር በእግሯ የሄደችውን የ72 ዓመት ሴት ያነሳል፤ እግሬ ደክሟል፣ ነፍሴ ግን ዐርፋለች ያለችውን። የከሳሽን ቃል ከአፉ ወስዶ ለትክክለኛው ባለቤት መስጠት ማለት ይህ ነው።

ጥንቃቄዎች አሉ። አንደኛ፣ ደብዳቤው ከአንድ በላይ ቅጂ አለው። በ1963 በየመጽሔቱ የወጣውና በ1964 በመጽሐፍ የታተመው በቃላት ይለያያሉ፤ ልጅዎ ከክፍል በተሰጠው ቅጂ ብቻ ይጥቀስ፣ አለበለዚያ አስተማሪው ጥቅሱን ፈልጎ ያጣዋል። ሁለተኛ፣ «ይህ ደብዳቤ የ1964ቱን የዜጎች መብት ሕግ አስገኘ» ብሎ እንዳይጽፍ። ኪንግ ኤፕሪል 20 የወጣው በዋስ ነው፤ ከተማዋን ወደ ስምምነት የገፋት በሜይ መጀመሪያ የከተማዋ ጥቁር ተማሪዎች ሰልፍና በእነሱ ላይ የተለቀቀው ውኃና ውሻ ነበር፤ ደብዳቤው በስፋት የተነበበውም ከዚያ ወዲህ ነው። ጽሑፍ የትግሉን ምክንያት ያስረዳል፤ ትግሉን ግን አይተካም። ሦስተኛ፣ «ኢቶስ፣ ፓቶስ፣ ሎጎስ» (የጸሐፊው ተአማኒነት፣ ስሜት፣ አመክንዮ) ብሎ ጽሑፉን በሦስት አንቀጽ መክፈል በዚህ ደብዳቤ ላይ አይሠራም። የስድስት ዓመቷ ልጅ ስሜትም ናት፣ ማስረጃም ናት፣ የጸሐፊው አባትነት ምስክርም ናት፤ ከሦስቱ አንዱ ሳጥን ውስጥ ስትገባ ሁለቱ ይጠፋሉ።

አንቀጹ እንዴት እንደሚሠራ በአንድ ናሙና ላሳይዎት። ደካማው፦ «ኪንግ ድግግሞሽ በመጠቀም የአንባቢውን ስሜት ይነካል።» የሚሻለው፦ «ቀሳውስቱ ሰልፉን ጊዜውን ያልጠበቀ ሲሉት፣ መጠበቅ ምንም የማያስከፍል ነገር አድርገው ነበር። ኪንግ ዋናውን ሐሳብ ለአሥር ሐረግ በማዘግየት አንባቢው የመጠበቅን ክብደት በራሱ ትንፋሽ እንዲለካው ያደርጋል።» በሁለተኛው ውስጥ የዘዴ ስም አንድም የለም፤ ክሱ አለ፣ ቃላቱ የሠሩት ሥራ አለ፣ አንባቢው ላይ የሆነው አለ። ስሙን መጨመር ካስፈለገ በአንድ ቃል ይገባል። ይህን ለናሙና ነው የሰጠሁት፤ ልጅዎ እንዳይገለብጠው፣ የራሱን ከራሱ ንባብ ያውጣ።

ምክሬ ይህ ነው። ከረቂቁ የዘዴዎቹን ዝርዝር ሙሉ በሙሉ ያውጣውና በሦስት ቦታዎች ብቻ ይጻፍ፤ «ጠብቁ»፣ ፍትሐዊ ያልሆነው ሕግና «ያመሰገናችሁት» ፖሊስ። «ጽንፈኛ» የሚለውን ብዙ ተማሪ ስለሚመርጠው ይተወው። ትልቁን አንቀጽ ለረጅሙ ዓረፍተ ነገር ይስጥ፤ ለሌሎቹ ከዚያ ያነሰ ይበቃቸዋል። የክፍሉ ትምህርት የኤፒ (በሁለተኛ ደረጃ የሚሰጥ የኮሌጅ ደረጃ ትምህርት) እንግሊዝኛ ከሆነ ይህ ይበልጥ ይጠቅመዋል፤ በፈተናው ላይ ለእንዲህ ዓይነቱ ጽሑፍ ከሚሰጡት ስድስት ነጥቦች አራቱ የማስረጃና የማብራሪያ ናቸው፣ የሚመከረውም ጊዜ 40 ደቂቃ ስለሆነ ከሦስት ቦታ በላይ በወጉ ማብራራት አይቻልም። እርስዎም ብዙ እንግሊዝኛ ሳይጠይቅዎ ማገዝ ይችላሉ፤ አዲሱን ረቂቅ ሲያመጣ፣ ከመግለጫው የተወሰደ አንድ የክስ ሐረግ በእያንዳንዱ አንቀጽ የመጀመሪያ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ውስጥ በትእምርተ ጥቅስ መኖሩን ይፈትሹ። ከሌለ መልሰው ይስጡት።